ወንድሜ አበባውን ሲገድል ፊቱ ላይ ምንም አላየሁም

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ጉዳይ ለሰሚው የልጅ ጨዋታ ነው፤ እኔም ራሴ መጻፍ ስጀምር አፍሬ ነበር። ግን ከወንድሜ ጋር ከተኳረፍን ሦስተኛ ሳምንታችንን ይዘናል፣ ያጣላን ደግሞ ጌም ውስጥ ያለ አበባ ነው።

ዕድሜዬ 27 ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ከ16 ዓመት ወንድሜ ጋር እኖራለሁ። አባታችን ሥራው ክፍለ ሀገር ስለሆነ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። እናታችን ካረፈች በሚቀጥለው ወር ዓመት ይሞላታል። እሷ ካለፈች ወዲህ ሁለታችን አንድ ላይ የምናደርገው ነገር ቢኖር፣ ማታ እራት በልተን እሱ በኔ ላፕቶፕ አንደርቴል የሚባለውን ጌም ሲጫወት እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጽሑፉን ማንበብ ነበር። ጌሙ ሲጀምር «ስም ጻፍ» ይላል። «ማሙሽ» ብሎ ጻፈ። እንደዚያ ብላ የምትጠራው እናቴ ብቻ ነበረች።

ፍላዊ የሚባል፣ ፊት ያለው ቢጫ አበባ አለ። ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ወዳጅ መስሎ ቀርቦ ሊገድለን ሞከረ። መጨረሻ ላይ ግን ድሮ የንጉሥ ልጅ እንደነበረ፣ ሞቶ ያለ ነፍስ አበባ ሆኖ እንደተመለሰ፣ ነፍስ ስለሌለውም ፍቅርም ርኅራኄም እንደማይሰማው አወቅን። አንጀቴን በላኝ፣ አለቀስኩ። ወንድሜ ዞር ብሎ አየኝና «ለሱ ነው የምታለቅሺው? ምንም የማይሰማው ነገር ክፉ ነው። አለቀ» አለኝ። እኔ ያሳዝናል፣ እሱ አያሳዝንም፤ እስከ እኩለ ሌሊት ተነታረክን።

ከዚያ እኔ ስተኛ ብቻውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። አንድ ሌሊት ውኃ ልጠጣ ስነሳ ሳሎን ጨለማ ውስጥ ተቀምጧል። ያገኘውን ሁሉ እየገደለ መጨረሻው ጋ ደርሷል። አበባው የሕፃን ፊት አውጥቶ እየተንቀጠቀጠ እንዳይገድለው ይለምናል። ገደለው። የወንድሜ ፊት ላይ ምንም አላየሁም። «አንተም እንደሱ ነህ፤ ልብ የለህም» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም፣ ላፕቶፑን ዘግቶ ገባ። ከዚያ ወዲህ የምንነጋገረው ስለ ዳቦና ስለ መብራት ካርድ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር ያን ያልኩት ስለ አበባው ብዬ ብቻ አልነበረም። በእናታችን ለቅሶ አላለቀሰም። አንድም ቀን። የእድሩን ወንበር ሲያወርድና ሲጭን፣ ማስታጠቢያ ይዞ ለለቀስተኛው ሁሉ እጅ ሲያስታጥብ ሰነበተ። አክስቴ «ይሄ ልጅ ደንዳና ነው፤ ለእናቱ እንኳ ያላለቀሰ» ስትል እሱ ማስታጠቢያውን ይዞ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ትምህርቱ ደህና ነው። ሌሊት ግን አይተኛም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ምንም የማይሰማው ክፉ ይታዘንለታል ወይስ ክፉ ክፉ ነው? ወንድሜስ እየጨከነ ነው?

እህቱ ነኝ፣ ከጀሞ

—

እህቴ፣

አልሳቅሁም። ደብዳቤሽን ሁለቴ ሳነብ የያዝኩት ሻይ ቀዘቀዘ።

ይህን ጌም ባላውቀው ኖሮ «ሰዓት ገድቢለት» ብዬሽ ወደ ሌላው ደብዳቤ ባለፍኩ ነበር። ያስተዋወቀኝ የእህቴ ልጅ ነው። ወገቤን ታምሜ ሶፋ ላይ በዋልኩበት አንድ ክረምት ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አስቀመጠና «እትዬ፣ አንቺ ስለ ሰው ስትጽፊ ትውያለሽ፤ ይህንን ሳታዪማ አትጽፊ» አለኝ። ሥዕሉን ሳየው የሠላሳ ዓመት ዕቃ መሰለኝ። ቶቢ ፎክስ የሚባል አሜሪካዊ ታሪኩንም ሙዚቃውንም አብዛኛውን ብቻውን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳወጣው የነገረኝ እሱ ነው። ሦስት ማታ አብረን ተጫወትነው። በአራተኛው ማታ እሱ ተኝቶ እኔ ብቻዬን ቀጠልኩ፤ ስለዚህ ሳሎን ጨለማ ውስጥ መቀመጥን በተመለከተ ወንድምሽን የምወቅስበት አፍ የለኝም።

መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ። ወንድምሽ ጋ እንደርሳለን፣ መንገዱ ግን በአበባው በኩል ነው።

ሳታዪው የቀረሽ ነገር ያለ ይመስለኛል። አበባው ታሪኩን ከሥር መሠረቱ የሚናገረው ለማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ለሚገድለው ሰው ነው። ማንንም ሳይገድል ለሚጨርስ ተጫዋች ከፊሉን ብቻ ነው የሚነግረው፤ አንቺ ያለቀስሽው በዚያኛው ነው። ያገኘውን ሁሉ እየገደለ ወደ ንጉሡ ቤት ለሚደርስ ተጫዋች ግን፣ «ይሄስ እንደኔው ነው» ብሎ ስለሚያስብ፣ የሆዱን ሁሉ ይዘረግፍለታል። ስለዚህ ወንድምሽ ያን ሌሊት ብቻውን ያነበበውና አንቺ አጠገቡ ሆነሽ ያነበብሽው አንድ አይደለም።

በራሴ አማርኛ ልንገርሽ። ልጁ አዝሪኤል ይባል ነበር። ሲሞት አፈር የሆነው አባቱ አትክልት ቦታ ላይ ነው። ከዚያ የቤተ መንግሥቱ ተመራማሪ ለሙከራ ብላ ከዚያ አትክልት አንድ አበባ ላይ ያልሆነ ነገር ወጋች፤ አበባውም ነቃ። ሲነቃ እጁም እግሩም የለም። «እማዬ! አባዬ!» ብሎ ተጣራ፣ ማንም አልመጣም። ኋላ አባቱ ሲያለቅስ አገኘውና አቀፈው፤ አይዞህ፣ ሁሉም ደህና ይሆናል አለው። አባትየው እንባው ይወርዳል፣ ልጁ ግን ምንም አልተሰማውም። ለሳምንታት አብሮት ተቀመጠ፤ ዛሬ ይሰማኝ ይሆን፣ ነገ ይሰማኝ ይሆን እያለ። አልሆነም። ጠፍቶ ወደ እናቱ ሄደ። ከሰው ሁሉ እሷን መቼም አያቅታትም ብሎ። እሷም አቃታት። የፈለገው አንድ ሰው መውደድ ብቻ ነበር፤ እንደዚህ ብሎ ነው የሚናገረው።

እኔ እዚህ ቦታ ላይ ላፕቶፑን ከደንኩት። እናቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ «ኧረ ምንም እየተሰማኝ አይደለም» ብሎ የሚደነግጥ ልጅ፣ እሱ ክፉ ነው? ክፉ ሰው ፍቅር ሲያጣ አይደነግጥም፤ ሥራው ቀለለለት ማለት ነው እንጂ።

ከዚያ በኋላም ወዲያው ወደ ግድያ አልሄደም። ራሱን ሊያጠፋ ሞከረ፣ በዚያ ዓለም ሕግ ግን እንደገና ነቃ። ትናንትን መልሶ የማምጣት፣ ተጫዋቾቹ «ሪሴት» የሚሉት ኃይል እጁ ገብቷል። በዚያ ኃይል መጀመሪያ የሠራው ምን መሰለሽ? ደግ ሥራ። ከሁሉም ጋር ወዳጅ ሆነ፣ የሁሉንም ችግር ፈታ። ምንም ሳይሰማው! ከኛ መካከል ስንቱ ነው እየተሰማው ይህንን ያህል የሠራ? ከዚያ ግን ሰለቸው። ይህንን ብሰጠው ምን ይላል፣ ያንን ብናገር ምን ታደርጋለች እያለ ሁሉንም ሞክሮ መልሱን በቃሉ ያዘው። የቀረው ጥያቄ «ብገድላቸውስ?» ነበር። አልወደውም፣ ግን ማወቅ አለብኝ ብሎ ጀመረ። ኋላ ላይ በዚህች ምክንያቱ ራሱ ይስቅባታል። ዳር ቆመው የሚያዩትንም አይምርም፤ ማየት እየፈለጉ ራሳቸው ለማድረግ ወኔ የሌላቸው እያለ ይሰድባቸዋል። ሶፋው ላይ ተጋድሜ እየሰደበ ያለው እኔን ነበር።

ስለዚህ እኔ እንደማየው አበባውን ያበላሸው ስሜት ማጣቱ ብቻ አይደለም። እስቲ ጎረቤትሽን ዛሬ አዋርደሻት፣ ፊቷ እንዴት እንደሚለዋወጥ አይተሽ፣ ከዚያ ቀኑን መልሰሽ ምንም እንዳልተፈጠረ «እንደምን አደርሽ» ብትያት ብለሽ አስቢ። እሷ አታስታውስም። አትቀየምሽም። ዕርቅ የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ ካሣ የለ። አንድ ጊዜ ታፍሪ ይሆናል። መቶኛው ጊዜ ላይ ግን ጎረቤትሽ ሰው መሆኗ ቀርቶ ዕቃ ትሆንብሻለች፤ የጽድቅ ልብ ቢኖርሽ እንኳ። አበባው ርኅራኄውን ያጣው ሲሞት ነው። ጨካኝ የሆነው ግን የሠራው ሥራ በማግስቱ አፍጥጦ ስላልጠበቀው ነው።

ይህን ስል ወንድምሽ ተሳስቷል ማለቴ አይደለም። እሱ የያዘው ነገር አለ፣ ቁም ነገር ነው። አበባው የሚያደርገውን ያውቃል። ያስታውሳል፣ ይዋሻል፣ በሰው ስቃይ ይጫወታል። «ነፍስ ስለሌለኝ ነው» ማለት የሞቱትን አያስነሳም። ብዙ ጊዜ እንደማየው ሰዎች «አሳዘነኝ» ያሉበት ቦታ ላይ «ይቅር ይባል» ያሉ ይመስላቸዋል፤ ከዚያ ይጣላሉ። በኛ አገር ዳኛ ሲፈርድ እያዘነ መፍረድ እንደሚችል ማንም ያውቃል፤ የገደለ ሰው እናትም ከሟች እናት እኩል ታሳዝነናለች። አንቺ ያዘንሽው በአትክልቱ ውስጥ «እማዬ» እያለ ለሚጮኸው ነው፣ ወንድምሽ የፈረደው ደግሞ በገዳዩ ላይ። ስለ አንድ አበባ የተጣላችሁ መስሏችሁ ስለ ሁለት ነገር ነው የተጣላችሁት።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርበት። አበባው «ምንም አይሰማኝም» ማለቱን እኔ ሙሉ በሙሉ አላምነውም። አንቺ ባየሽው ሌሊት ሲንቀጠቀጥ ነበር፤ የሚንቀጠቀጥ ፈርቷል። በሌላኛው መንገድ ደግሞ፣ ተጫዋቹ አሸንፎት መግደል ሲችል ምሬሃለሁ፣ አሁንም ምሬሃለሁ እያለ ሲደጋግምበት፣ በመጀመሪያ ይሳለቃል፣ ከዚያ ይዝታል፣ መጨረሻ ላይ ለምን ደግ እንደሆንክልኝ አልገባኝም፣ አልገባኝም እያለ አልቅሶ ይሸሻል። ባዶ ዕቃ እንዲህ አይሆንም። «አይሰማኝም» የሚል ሰው አንዳንዴ የሚሰማውን የሚጠራበት ስም ያጣ ሰው ነው።

ሌላ ጌም አለ፣ ኪንግደም ኸርትስ የሚባል የጃፓኖች ሥራ። በዚያኛው ውስጥ 13 አባላት ያሉት ጥቁር ካባ ለባሽ ማኅበር አለ፤ ልብ የለንም፣ የምናሳየው ስሜት ድሮ ልብ እያለን ያየነውን መኮረጅ ነው ብለው ያምናሉ። ከመካከላቸው ጓደኛሞቹ ግን ሥራ ሲጨርሱ በየቀኑ ሰዓት ማማ ላይ ወጥተው ጎን ለጎን ተቀምጠው አይስክሬም ይበላሉ። ልብ የላቸውም እንግዲህ! እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ክፍል ላይ ምን ሆነ መሰለሽ፤ ልብ ተመልሶ ሊበቅል እንደሚችል፣ የማኅበሩ አለቃም ይህን እያወቀ ለራሱ ጥቅም ብሎ «የላችሁም» እያለ ሲያታልላቸው እንደኖረ ተገለጠ። የእህቴ ልጅ ይህን ሲነግረኝ በጣም ተናድዶ ነበር፤ ቡና ዐፍልቼ ነው ያበረድኩት። ያነሳሁት ግን ለሌላ ነው። እነዚያ ሰዎች ልብ እንደሌላቸው ያወቁት ከራሳቸው አይደለም። ሌላ ሰው ነው የነገራቸው።

አሁን ወንድምሽ ጋ ደረስን።

አክስትሽ ደንዳና ነው ስትል ከኋላዋ ቆሞ ነበር አልሽኝ። ዓመት ሊሞላ ሲል ደግሞ አንቺ፣ ቤት ውስጥ የቀረሽው አንድ ሰው፣ ልብ የለህም አልሽው። ልወቅስሽ አይደለም፤ ያን ሌሊት ደንግጠሽ ነው፣ አንቺም እናት ሞቶብሻል። ግን እስቲ እሱ የተናገራትን ዓረፍተ ነገር ከአበባው ላይ አንሥተሽ ለብቻዋ አንብቢያት፤ «ምንም የማይሰማው ነገር ክፉ ነው። አለቀ።» ይህ የፈረደው በማን ላይ ይመስልሻል? እኔ አላውቅም፣ ልጁን አላየሁትም። ግን በእናቱ ለቅሶ እንባ አልመጣ ያለው የ16 ዓመት ልጅ ይህንን ሲናገር ስሰማ ስለ ቢጫ አበባ ብቻ የሚያወራ አይመስለኝም።

ደግሞ «ማሙሽ» አለ። ሲጀመር የምንጽፈው ስም የምንመራው ልጅ ስም ይመስለናል። አይደለም። መጨረሻ ላይ እንደምታስታውሺው የዚያ ልጅ ስም ፍሪስክ ነው፤ እኛ የጻፍነው ስም ከብዙ ጊዜ በፊት የሞተው የአዝሪኤል ጓደኛ ስም ነው። ስለዚህ ወንድምሽ ፊት ለፊቱ ስክሪን ላይ ምን እንዳነበበ ተመልከቺ፤ አንድ ልጅ እያለቀሰ ማሙሽን ይጠራል፣ ብቻዬን ነኝ፣ ፈርቻለሁ ይላል። ከዚያ ይረጋጋና፣ አንተ በእውነት ማሙሽ አይደለህም አይደል፣ ማሙሽ ከሞተ እኮ ቆይቷል ይላል። እናቱ ብቻ የምትጠራበት ስም! አንቺ እዚያ ላይ አለቀስሽ። እሱ «አለቀ» አለ። እኔ በሱ ቦታ ብሆን ምን እንደምል አላውቅም።

አማርኛችን ስሜትን የሚያስቀምጥበትን ቦታ አስተውለሽ ታውቂያለሽ? አንጀት ነው፣ ሆድ ነው። ሆዴ ባባ፣ አንጀቴን በላኝ እንላለን። «ሆድ ይፍጀው»ም እንላለን፤ ሳይናገሩ ውስጥ ውስጡን መቃጠልን። ለቅሶ ላይ ግን ዓይን ነው የሚታየው፤ ድሮ አልቃሽ ሙሾ እያወረደች ያላለቀሰውን ሁሉ ታስለቅስ የነበረበት አገር ነውና ዓይኑ የደረቀ ሰው ይፈረድበታል። ወንድምሽ ሦስት ቀን ውኃ አፈሰሰ፤ በሌሎች ሰዎች እጅ ላይ። ሥራ ማግኘቱ እንዳይወድቅ ይዞት ይሆናል። ሐዘን ሲከብድ መደንዘዝ የተለመደ ነው፣ ልጆችና ወጣቶች ላይ በተለይ፤ ሰውነት አንድ ጊዜ የማይችለውን በቁንጥር ነው የሚቀበለው። አንዳንዱ ከወራት በኋላ በማይሆን ቦታ፣ ታክሲ ውስጥ፣ የእናቱን ሽሮ ዓይነት ሽታ ሸትቶት ያለቅሳል። አንዳንዱ ጨርሶ አያለቅስም፣ እናቱን ግን በልቡ ይዞ ይኖራል።

ጌሙ ውስጥ መግደሉ አያስጨንቅሽ። ያ መንገድ ሰሪው ራሱ ያዘጋጀው ነው፣ ብዙ ረጋ ያሉ ሰዎችም ከጉጉት የተነሣ ይሄዱበታል። አንዲት ነገር ግን አለችው፤ ስትገድዪ የሚጨምረው ነጥብ በእንግሊዝኛ «ፍቅር» ተብሎ የሚነበብ ምኅጻር ነው፣ መጨረሻ ላይ ግን ፍቺው «የዓመፅ ደረጃ» መሆኑ ይነገርሻል። በገደልሽ ቁጥር ራስሽን ማራቅ ይቀልሻል፣ በራቅሽ ቁጥር የሚያምሽ ይቀንሳል ይላል ጌሙ። እስቲ ይህን ደግሞ እንዳያምመው የሚፈልግ ልጅ ሆነሽ አንብቢው። እኔን ሊያስጨንቀኝ የሚችለው ከስክሪኑ ውጭ የሚያደርገው ነው፤ ከሱ ያነሰ ልጅ ይመታል? የሠፈሩን ድመት ያሠቃያል? ይህ በደብዳቤሽ ውስጥ የለም። በደብዳቤሽ ውስጥ ያለው እንቅልፍ የሌለው ልጅ ነው።

ስለዚህ ምን ታድርጊ? መጀመሪያ ያቺን ቃል መልሺያት። ረጅም ንግግር አታዘጋጂ፣ ፊት ለፊትም አታስቀምጪው። ዕቃ ስታጥቢ እሱ እያደረቀ፣ ወይም ታክሲ ተራ ቆማችሁ። «ያን ሌሊት ልብ የለህም ያልኩህ ውሸት ነው። ደንግጬ ነው፤ ይቅርታ» በይውና ዝም በይ። «አንተ ግን…» ብለሽ እንዳትቀጥዪ፤ እዚያ ላይ ነው ብዙዎቻችን ይቅርታውን የምናበላሸው። መልስ ካልሰጠም ተዪው። «ለምን አላለቀስክም?» ብለሽም አትጠይቂው፤ መልሱን እሱም አያውቀውም ይሆናል።

ከይቅርታው ቀናት ቆይተሽ ወደ ጌሙ ተመለሺ፤ ለናንተ ቤት የመነጋገሪያ ቋንቋ ሆኗልና ለምን ትጥዪዋለሽ። «አበባው አንተ ብቻ የሰማኸው ታሪክ አለው አሉ፣ እናቱ ጋ የሄደበት። ንገረኝ» በይው። ሲነግርሽ ፊቱን አትመርምሪ። የሚለው ቃል አይጠፋሽም። አበባው መኖር ያስጠላው ጊዜ እንደነበረም ይነግርሽ ይሆናል፤ ከነገረሽ «አንተስ እንደዚያ ተሰምቶህ ያውቃል?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂው። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፣ ብዙ ጊዜ ያቀለዋል እንጂ። «አዎ» ካለሽ፣ ወይም ዝም ብሎ መሬት መሬት ካየ፣ ብቻውን አትተዪው፤ በዚያው ቀን ለአባታችሁ ደውዪና ሐኪም ጋ ውሰጂው።

«አዎ» ባይልም እንቅልፉ ካልተመለሰ፣ ኳሱም ጓደኛውም ምግቡም እያስጠላው ከሄደ ባለሙያ ይየው። የአማኑኤል ሆስፒታል ስም በሠፈራችን ስድብ ሆኖ ስለሚያገለግል ብዙ ቤተሰብ በሩን ማለፍ እንኳ ይፈራል፤ እኔ የራሴን ሰው ይዤ ሄጄ አውቃለሁ፣ ወረፋው ረጅም ነበር፣ ሌላ የሚያስፈራ ነገር አላየሁም። እዚያ መሄዱ ከከበደሽ ከሌሎቹ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው አለ፤ ትምህርት ቤቱም አማካሪ ካለው ከዚያ መጀመር ይቻላል።

ሙት ዓመቱ ደግሞ ቀርቧል። አክስትሽን አስቀድመሽ ለብቻዋ አግኚያት። አትጣያት፣ እሷም እህት ነው የሞተችባት። «በዚያ ቀን ስለ እንባው ማንም እንዳይናገር አደራ» በያት፤ አደራ ከተባለች ሌሎቹን ዝም የምታሰኘው ራሷ ናት። ወንድምሽን ደግሞ የትኛውን ሥራ እንደሚፈልግ ጠይቂው። ፎቶዋን አስፍቶ ማሠራት፣ ለንፍሮው እህል መምረጥ፣ መቃብሩን ማጽዳት፣ የወደደውን። ያው ማስታጠቢያውን እይዛለሁ ካለ ስጪው። ብቻ በዚህኛው ዙር ለአንቺም እጅ እንዲያስታጥብሽ ተራ ያዢና እጅሽን ዘርጊለት፤ አንቺ እንዳየሽው ያያል።

ስለ ላፕቶፑ አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ያ ጌም በመግደያው መንገድ እስከ ጥግ ከሄዱበት በኋላ ሪሴት ቢደረግም አይረሳም፤ ማንንም ሳይገድሉ እንደገና ቢጨርሱት እንኳ መጨረሻው ላይ ጠባሳ ይተዋል። ወንድምሽ ይህን ሳያውቅ አይቀርም። ቢሆንም አንድ ማታ እራት በልታችሁ ስትጨርሱ ራስሽ ክፈቺውና «እንደገና እንጀምር፣ በዚህኛው ዙር ስሙን አብረን እንምረጥ» በይው። ምን ብላችሁ እንደጻፋችሁ ለኔ አትጻፊልኝ፤ ያ የሁለታችሁ ነው። እንቅልፉ እንዴት እንደሆነ ግን ጻፊልኝ።